ከሶሻል ወደ ኳንት፦ በፓይተን ቪዲዮ አይደረስም

ድሬዳዋ ውስጥ አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ ጨርሰው ባንክ የገቡ ልጆች አሁን አሁን አንድ ጥያቄ ያበዛሉ፦ «ሶሻል ነበርኩ፤ ኳንት መሆን እችላለሁ?» ኳንት የሚሉት የአክሲዮን፣ የቦንድና የውጭ ምንዛሪ ዋጋንና ስጋትን በሒሳብና በኮምፒውተር የሚያሰላውን ባለሙያ ነው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው የዶላር ይፋ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ጥር 2 ቀን 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ።

ይቻላል። ብዙዎቹ በያዙት መንገድ ግን አይመስለኝም። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያስተምር ቪዲዮ ያያሉ፣ ሰርተፊኬቱን ሊንክድኢን ላይ ይለጥፋሉ፣ ዋጋ የሚጎትትና መስመር የሚስል ኮድ ይጽፋሉ። «ቫሪያንስ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ የመራቃቸውን መጠን፣ ስታሰላ ልዩነቱን ለምን በራሱ አባዛኸው?» ሲባሉ ግን ዝም ነው። ኮዱንማ ዛሬ ማሽኑም ይጽፈዋል። የሚጎድለው ፕሮባቢሊቲ፣ ሊኒየር አልጀብራና ካልኩለስ ነው፤ አንደኛ ዓመት ላይ ለሶሻል ተማሪ የሚሰጠው ሒሳብ እዚያ አያደርስም። ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ ደብተር ይዞ እየሠሩ መሰረዝን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ በሒሳብ ቀመር እየነገደ የከበረው የአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ የጂም ሳይመንስ ስም መነሣቱ አይቀርም። ሬኔሳንስ የተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያው ከኮምፒውተር ድርጅቱ አይቢኤም ያመጣቸው ፒተር ብራውንና ሮበርት መርሰር የንግግር መለያ ሶፍትዌር ሠሪዎች ነበሩ፤ ከፋይናንስ ጋር አይተዋወቁም። ልጆቻችን በዚህ ይጽናናሉ። ነገር ግን ሰዎቹ የጎደላቸው ፋይናንሱ እንጂ ሒሳቡ አልነበረም፤ የእኛ ችግር ተገላቢጦሹ ነው።

ቢሆንም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ከአወዳይ የመጣ ጫት ድሬዳዋ መጋላ ሲደርስ ያለውን ዋጋ ይዞ አያመሽም። ሻጯ እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች፤ ፀሐዩ በገፋ ቁጥር ዋጋውን ትቀንሳለች፤ ያደረውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ኦፕሽን የሚባለው፣ አንድን ነገር በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ቀነ ገደብ ያለው ውልም ሌላው ነገር ባለበት ከቆየ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ዋጋው እየሟሸሸ ይሄዳል። ብላክና ሾልስ የተባሉ ምሁራን የኦፕሽንን ዋጋ ለማስላት በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጡት ቀመር ውስጥ ከሚገቡት አምስት ነገሮች አንዱ ይኸው የቀረው ጊዜ ነው። ሌላው ውሉ የተገባበት ነገር ዋጋ መዋዠቅ ነው፤ መንገድ የተዘጋ ዕለት ጫት ምን እንደሚሆን ድሬ ላይ ማን ይነገረዋል? ሻጯ የትናንቱን አማካይ ዋጋ አምና አትቀመጥም።

ይህ ጥርጣሬ ትልልቆቹንም ያመለጣቸው ጊዜ አለ። ሾልስና ቀመሩን ያዳበረው ሮበርት ሜርተን በ1997 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። በዓመቱ ሩሲያ ዕዳዬን አልከፍልም ስትል፣ ሁለቱ በአጋርነት የነበሩበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የሚባል ፈንድ ተንኮታኮተ፤ 14 የፋይናንስ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ነው የደረሱለት። ስሌቱ ባለፉት ዓመታት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ስለዚህ የብድር ሰነድ ሲያገላብጥ የኖረ፣ የትኛው ነጋዴ ክረምት ላይ እንደሚዘገይ የሚያውቅ የባንክ ሠራተኛ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መጠየቁን ንቆ አይተወው።

ሥራውን በተመለከተ ራስን ማታለል አያስፈልግም። እዚህ አገር የኦፕሽን ግብይት የለም፤ «ኳንት» ተብሎ የሚወጣ ማስታወቂያም ጠብቆ መቀመጥ ዋጋ የለውም። ያለው የብድር ስጋት፣ የባንኩ የውጭ ምንዛሪ ይዞታና የግምጃ ቤት ሰነድ ዋጋ ስሌት ነው። እሱም ቢሆን ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ለሠራተኛ የሚሆን የማታ የፕሮባቢሊቲ ኮርስ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቢከፈት ከየሥልጠና ማዕከሉ ሰርተፊኬት ይልቅ ገንዘቤን ለዚያ ብከፍል እመርጣለሁ፤ ባንኮቹም ግማሹን ቢሸፍኑ አይከስሩም።