እርማት፦ የአስፋልቱ ኪሎ ሜትር የአየሩ አይደለም
ወንድሜ፣ «ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለፍጥነቱ ስታካፍለው ግማሽ ሰዓት ይመጣል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፣ ግን ልክ አይደለም።

350 ገደማ የሚሆነው አስፋልቱ ነው። በሰኮሩ፣ በወልቂጤ፣ በወሊሶ አድርጎ የሚሄደው። የጊቤን ቁልቁለት አስበው እስቲ። ወንዙ ከታች ቁልጭ ብሎ ይታይሃል፤ አውቶቡሱ ግን ገና አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይጠማዘዛል። ጆሮህ ድፍን ይላል። ያ ሁሉ ጥምዝ ኪሎ ሜትር ሆኖ ይቆጠራል። አውሮፕላን ጊቤ አይወርድም። ከጅማ ኤርፖርት እስከ ቦሌ ቀጥታው 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ታዲያ ጊዜው ይበልጥ ያጥራል? አያጥርም። ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፣ እውነት ነው። ይህን ፍጥነት የሚይዘው ግን ከፍታው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ሲወጣም ለማረፍ ሲወርድም ቀስ ይላል። ቦሌ ላይ ተራ መጠበቅም አለ። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ይይዛል። እናትህን ልትቀበል ከሆነ የምትሄደው፣ ማካፈሉን ተወውና ትኬቱ ላይ የተጻፈውን መድረሻ ሰዓት እይ።