ማስተካከያ፦ ስለ አብላጫ ድምፅና ስለ ሰርቨሮች ብዛት

ባሕር ዳር ለምንሰበሰበው የጥናት ቡድን ባለፈው ሳምንት ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ፣ የአንድን መረጃ ቅጂዎች በ3 ፈንታ በ4 ሰርቨሮች (መረጃ ይዘው ለጥያቄ መልስ በሚሰጡ ኮምፒውተሮች) ማስቀመጥ 2ቱ ቢበላሹ እንኳ ሥራው እንዲቀጥል ያደርጋል ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው። በአብላጫ ድምፅ በሚስማማ ሥርዓት፣ ማለትም ከሰርቨሮቹ ከግማሽ በላይ ሲስማሙ ብቻ ውሳኔ በሚጸናበት፣ ከ4 አብላጫው 3 ስለሆነ፣ 4ቱም እንደ 3ቱ የሚቋቋሙት የ1 ሰርቨር ብልሽት ብቻ ነው፤ የ2 ብልሽት ለመቋቋም 5 ያስፈልጋሉ።

ግማሽ የማይበቃው ለምን እንደሆነ በምሳሌ ላስረዳ። 2 ሰርቨሮች ባሕር ዳር፣ 2 ደግሞ ከጣና ማዶ ጎርጎራ ተቀምጠው በመካከላቸው ያለው መስመር ቢቋረጥና ሁለቱም ወገኖች «ግማሽ ነንና እንቀጥል» ቢሉ፣ የቀረችውን አንዲት የጀልባ ትኬት ባሕር ዳር ለአንዱ፣ ጎርጎራ ለሌላው መንገደኛ ይሸጧታል፤ መስመሩ ሲመለስም የትኛው ሽያጭ እንደሚጸና የሚለይ ነገር አይኖርም። ሁለት አብላጫዎች ግን ምንጊዜም ቢያንስ አንድ የጋራ አባል ስላላቸው ይህ አይደርስም። ጀማሪ ሁሉ ይህችን ነጥብ ወረቀት ላይ በክብ እየሣለ ቢያያት እመርጣለሁ፤ ብዙው ነገር የሚቆመው በእርሷ ላይ ነውና።

በዚያው ማስታወሻ፣ ሰርቨሮቹን የሚያገናኘው መረብ ሲቆራረጥ የመረጃን አንድነት (ቅጂዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውን)ና ለጥያቄ ሁሉ መልስ መስጠትን አብሮ መጠበቅ አይቻልም የሚለውን የኮምፒውተር ሊቁን የኤሪክ ብሩወርን ግምት በ2002 እንደቀረበ ጽፌ ነበር። የቀረበው በ2000 ሲሆን፣ 2002 ሴዝ ጊልበርትና ናንሲ ሊንች በማስረጃ ያጸኑበት ዓመት ነው፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማስታወሻውን ያባዛችሁ በዚህ እንድትተኩት አደራ እላለሁ።