ለአምስት ደቂቃ አትክልተኞች የቀረበ ምስጋና

እስኪ ዛሬ ደግሞ የሚገባቸውን እናመስግን። ችግኝ ተክለው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ዞር ብለው ሳያዩ የሚሄዱትን ማለቴ ነው። ቅልጥፍናቸው ያስቀናል! ጉድጓዱን ሌላ ሰው ቆፍሮ ይጠብቃቸዋል። አካፋው ታጥቦ ይቀርባል። እነሱ ጎንበስ ይላሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ። አለቀ። ጫማቸው እንኳ አይቆሽሽም።

እነሱን ሳይ ቫን ሄልሞንት ያሳዝነኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ተመራማሪ ነው። አንዲት የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ላይ ተከለና 5 ዓመት ሙሉ ውሃ ሲያጠጣ ኖረ። ሲመዝናት ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ሆናለች። ከአፈሩ የጎደለው ግን 60 ግራም ገደማ ነው። እሱ «እንጨቱ የመጣው ከውሃ ነው» አለ። ዛሬ እንደሚታወቀው ደግሞ የእንጨቱ ዋና መነሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቅጠል ከአየር ይወስደውና በብርሃን ኃይል ከውሃ ጋር አዋህዶ ስኳር ያደርገዋል። ምስኪን! ካሜራ ስላልነበረ ነው እንዲህ የተንገላታው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የፕላስቲኩን ነገር ነው። ችግኟ ከነጥቁር ፕላስቲኳ ጉድጓድ ትገባለች። ከወራት በኋላ የደረቀችውን ነቅላችሁ እዩ። ስሯ መውጫ አጥቶ እንደ ክር ጥቅል እዚያው ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ። ውሃ የሚስቡት ከስሩ ጫፍ አካባቢ ያሉ ቀጫጭን ፀጉሮች ናቸው። እነሱ አዲስ አፈር ካልነኩ፣ በቅጠሏ በኩል የሚተነውን ውሃ የሚተካላት የለም። እኛ ግን ምን አጠፋን? ብርድ እንዳይመታት ብለን ልብሷን አላወለቅንም። ምግቧ ብርሃን ነው ሲሉን ደግሞ ፍላሽ አብርተንላታል።

ተክል ምን ይጠቅማል ብትሏቸው ሳይንቲስቶቹ አያልቅባቸውም። የምንበላው ሁሉ፣ ሥጋውም ጭምር፣ ዞሮ ዞሮ መነሻው ተክል ነው ይላሉ። የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን ሲንኮና ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ተገኘ ይላሉ። ይበሉ! ላይክስ ከየትኛው ቅጠል ይገኛል?

እንደ ምንም ተርፋ ዛፍ ለሆነችው ደግሞ ሽልማት አለ። «ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ግንዷ ላይ በሽቦ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰርላታል። ከቅርፊቷ ስር ቅጠል የሰራውን ስኳር ወደ ስር የሚያወርድ ስስ ሽፋን አለ። ግንዱ ሲወፍር ሽቦው እሱን ያንቀዋል። ስሩ ይራባል፣ ዛፏ ከነቁመቷ ትደርቃለች። ማንም አልቆረጣትም፤ ማስታወቂያው በደንብ ተከብሯል።

ደግነቱ ጉድጓድ አይባክንም። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ይገባል፣ ቁጥሩም ይደመራል። የደረቀው ሲቀነስ ያየ የለም። ድንገት «ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ ወግ የሚያበላሽ ሰው ከመጣ፣ ቶሎ አካፋ አስይዙትና ፎቶ አንሱት።