የሰው ታሪክ በጭብጨባ አይጻፍም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ባዮሎጂ የተማራችሁ፣ ኬሚስትሪ የምታስተምሩ፣ አማርኛ አሳምራችሁ የምትጽፉ ሁሉ ስሙኝ። አዲስ አበባ ሁኑ፣ ዋሽንግተን ሁኑ፣ ዱባይ ሁኑ፣ ነገሩ ይመለከታችኋል፦ ማንም ሊጽፍበት በሚችለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ፣ በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ፣ የሰው ታሪክ ስለመጻፍ ነው።

በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ የኖቤል ሽልማት ሲታወጅ ፌስቡክና ቴሌግራም በፎቶ ይጥለቀለቃሉ። «ታሪክ ሠራች!»፣ «ጀግኒት!» ይባላል፤ ከሥሩ የጭብጨባ ምልክት ይደረደራል። በሳምንቱ ተረሳ። ከወር በኋላ ስለዚያች ሳይንቲስት በአማርኛ ማንበብ የፈለገ ተማሪ የሚያገኘው አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የለጠፈውን ጥቂት መስመር ነው። እሱም ስህተት አያጣውም።

አሜሪካዊቷን የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ጄኒፈር ዳውድናን እንውሰድ። እሷና ፈረንሳዊቷ ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተሸለሙ። በሳይንስ ዘርፍ አንድን የኖቤል ሽልማት ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ሲካፈሉ ያ የመጀመሪያው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ስለ አቆጣጠር ዝቅ ብዬ የምለው አለኝ።) ስለ ዳውድና በአማርኛ ደጋግሜ የማየው «ክሪስፐርን የፈጠረች ሴት» የሚል ነው። ሦስት ቃል ናት፤ ግን የስንቱን ሰው ድካም ውጣ ቁጭ ትላለች።

ክሪስፐርን የፈጠረው ሰው የለም። ባክቴሪያዎች ራሳቸውን ከቫይረስ የሚከላከሉበት መንገድ ነው። ካጠቃቸው ቫይረስ ዲኤንኤ (የዘር መረጃ ከያዘው ሞለኪውል) ላይ ቁራጭ ወስደው በራሳቸው ዲኤንኤ ውስጥ ያኖራሉ። ቫይረሱ ተመልሶ ሲመጣ በዚያ ቁራጭ ለይተው ይቆርጡታል። ያንን እየተደጋገመ የሚመጣ እንግዳ ቅደም ተከተል ጃፓናዊው ዮሺዙሚ ኢሺኖና ባልደረቦቹ በ1987 ጽፈውታል፤ ምን እንደሚሠራ ግን አላወቁም። ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ሞሂካ ለዓመታት ተከታተለው። በ2007 እርጎ በሚረጋበት ባክቴሪያ ላይ የሚሠሩ የዳኒስኮ ኩባንያ ተመራማሪዎች ነገሩ በእርግጥ መከላከያ መሆኑን በሙከራ አሳዩ። ሻርፓንቲዬ ደግሞ በ2011 ጉሮሮ በሚያሳምም ባክቴሪያ ውስጥ ትሬሰር አርኤንኤ የተባለ፣ ያለ እሱ መቁረጥ የማይቻል ክፍል ማግኘቷን አሳተመች። በዚያው ዓመት ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ ከዳውድና ጋር ተገናኙና አብረው ለመሥራት ተስማሙ።

ታዲያ የዳውድና ድርሻ ምንድን ነው? እዚህ ጋ ነው ጠንቀቅ ማለት። ያንን ሦስት ቃል አውጡና በምትኩ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ዳውድና ከኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ፣ ከማርቲን ይኔክና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር፣ ካስ9 የተባለው የባክቴሪያ ፕሮቲን ተመራማሪው በመረጠው ቦታ ላይ ዲኤንኤን እንዲቆርጥ ማድረግ እንደሚቻል በ2012 አሳየች።» ረዘመ? ይርዘም። ይህን ያነበበ ልጅ ምን እንደሠራች ያውቃል። «ፈጠረች» የሚለውን ያነበበ ግን ስሟን እንጂ ሥራዋን አያውቅም።

እኛ ዘንድ አንድ ክፉ ልማድ አለ። የሰው ታሪክ ስንጽፍ ለቀብር የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እናስመስለዋለን። መልካም መልካሙ ይመረጣል፣ ሽልማቱ በተርታ ይጠራል፣ የተጣላ የለ፣ የተወዳደረ የለ። ለለቅሶ ቤት ወግ ነው፤ አይነቀፍም። ለኢንሳይክሎፒዲያ ግን ነውር ነው። የሊቱዌኒያው ቪርጊኒዩስ ሺክሽኒስ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሶ ነበር። ጽሑፉን በኤፕሪል 2012 ለአንድ ትልቅ መጽሔት ልኮ ተመለሰበት፤ ሌላ ቦታ የታተመለት እነ ዳውድና ካሳተሙ በኋላ ነው። በ2018 ካቭሊ የተባለው የሳይንስ ሽልማት ለዳውድና፣ ለሻርፓንቲዬና ለሺክሽኒስ ለሦስቱም ተሰጠ፤ ኖቤል ግን ለሁለቱ ሴቶች ብቻ። ብሮድ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የሚሠራው ፌንግ ዣንግ ደግሞ በ2013 መጀመሪያ ላይ በሰው ሴል ውስጥ እንደሚሠራ አሳተመ። ከዚያ በብሮድና በእነ ዳውድና ወገን መካከል የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ክርክር ተከተለ። ይህ ሁሉ በገጿ ላይ መኖር አለበት። እነዚህን ሰዎች መጥቀስ እሷን ማሳነስ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ከማን ጋር እንደተሯሯጠች ያላወቀ አንባቢ ምን ያህል እንደሮጠች በምን ይለካል?

አሁን ወደ አቆጣጠር ልምጣ። ዳውድና የተወለደችው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1964 ነው፤ በእኛ የካቲት 11 ቀን 1956 ዓ.ም.። «1964» ብሎ ከጎኑ «ዓ.ም.» የሚጨምር ሰው በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ልጅ ያደርጋታል። ኖቤሉ የታወጀውም ኦክቶበር 7 ቀን 2020፣ በእኛ መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በአማርኛ ስትጽፉ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትናገሩ ቁጥር አትወርውሩ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው አንባቢ እናንተን ጠርቶ ሊጠይቃችሁ አይችልም።

የማሽን ትርጉም ገልብጣችሁ የምትለጥፉ ደግሞ እባካችሁ ተውን። ሴትዮዋ በመጀመሪያው መስመር «ተወለደ» ትባላለች፣ በሦስተኛው «ተሸለመች»፣ በአምስተኛው እንደገና ወንድ ትሆናለች። አንድ ጊዜ እንኳን ድምፃችሁን አውጥታችሁ ብታነቡት ታዩት ነበር። ማሽኑ ያግዛችሁ፣ ችግር የለውም። ነገር ግን ያላነበባችሁትን ለሕዝብ አታቅርቡ።

የአማርኛ ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች አሉት። የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ። በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ተናጋሪ 15 ሺህ! «ማን ከለከለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም። ገጹ ለማንም ክፍት ነው። የምትለውጡት እያንዳንዱ ፊደል በታሪክ ገጹ ላይ ይመዘገባል፤ ቢበላሽ ይመለሳል፤ ካልተስማማችሁ መነጋገሪያ ገጽ አለ። የሚጠይቃችሁ አንድ ትልቅ ነገር ምንጭ ነው። ምንጩ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ቢሆን ይቀበላል።

ምንጭ ማጣት ምን እንደሚያደርግ ላስታውሳችሁ። ካናዳዊቷ ዶና ስትሪክላንድ በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ስትሸለም በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ገጽ አልነበራትም። ከወራት በፊት አንድ ሰው ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ «የቀረቡት ምንጮች በቂ አይደሉም» ተብሎ ተመለሰ። ሰው ሁሉ የመለሰውን አርታኢ ሰደበ። እኔ ግን የማዝነው ሥራዋን ለዓመታት እያወቁ ሁለት ጥሩ ምንጭ ለመጨመር እጃቸውን ባላነሱት ላይ ነው። እኛስ ስንቱን ሰው እንዲህ ትተነዋል?

«ሕዝቡ እንጀራ ሲቸግረው ስለ ዲኤንኤ መጻፍ ምን ይረባል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለ እንጀራ ካነሳችሁ፣ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከአሜሪካው ዳንፎርዝ የዕፅዋት ሳይንስ ማዕከልና ከኮርቴቫ ኩባንያ ጋር በጂን አርትዖት፣ ማለትም ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ ቆርጦ በመለወጥ፣ ቁመቱ ያጠረ ጤፍ ለማግኘት ሲሠራ ቆይቷል። ጤፍ አገዳው ቀጭን ነው፤ ዘለላው ሲከብድ ይተኛል፤ የተኛ ጤፍ ምርቱ ይቀንሳል። ያ ዘር አንድ ቀን ገበሬው ደጅ ቢደርስ ክርክሩ በአማርኛ ነው የሚሆነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ የሚያነበው ከሌለ የሚሰማው ወሬ ነው።

ሕመምተኛም አለ። ካስጀቪ የተባለው የሲክል ሴል (በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም) ሕክምና በኖቬምበር 2023 በእንግሊዝ፣ በቀጣዩ ወር በአሜሪካ ተፈቀደ። በክሪስፐር የተሠራ፣ ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ሕክምና ነው። «መድኃኒት ተገኘ!» ብላችሁ ስትለጥፉ የታመመ ልጅ ያላት እናት ታነበዋለች። አሠራሩን አልነገራችኋትም። ደም የሚሠሩት ሴሎች ከሰውነት ተወስደው በላቦራቶሪ ይታረማሉ፤ ታማሚው ከባድ ኬሞቴራፒ ይወስዳል፤ ከዚያ የታረሙት ሴሎች ይመለሱለታል። ዋጋውንም አልነገራችኋትም፤ በአሜሪካ ሲወጣ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ግማሽ እውነት ነግራችሁ ተስፋ አትስጡ።

ስለ ዳውድና ስትጽፉ ያደገችበትን ሂሎን አትርሱ፤ ሃዋይ ደሴት ላይ ያለች ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ስለ ዲኤንኤ ግኝት የሚተርክ መጽሐፍ በልጅነቷ የሰጣት አባቷን፣ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪውን፣ አስገቡት። ግን እዚያ አትቁሙ። ካሪቡና ኢንቴሊያ ከተባሉ ኩባንያዎች መሥራቾች አንዷ መሆኗን ጻፉ፤ ገንዘብም ያለበት ጉዳይ ነው። በ2015 መጀመሪያ ናፓ ላይ ሳይንቲስቶችን ሰብስባ ለትውልድ የሚተላለፍ የጂን ለውጥ በሰው ላይ እንዳይሞከር ማስጠንቀቋን ጻፉ። በ2018 ቻይናዊው ሄ ጂያንኩዊ ያንን ማስጠንቀቂያ ጥሶ ጂናቸው የተለወጠ ሕፃናት መወለዳቸውን እንዳወጀና በኋላ ሦስት ዓመት እስር እንደተፈረደበት ጨምሩ። ገጹን ሰው ሰው እንዲሸት የሚያደርገው ይሄ ነው።

የፓተንቱን ነገር የምትጽፉ ደግሞ ቀን ሳታስቀምጡ አትዝጉት። በፌብሩዋሪ 2022 የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ለብሮድ ወሰነ። በሜይ 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከውሳኔው ከፊሉን ሽሮ እንደገና እንዲታይ መለሰው። «አሸነፈች» ወይም «ተሸነፈች» ብላችሁ አትጨርሱት። እስከ መቼ ያለውን እንደጻፋችሁ አስቀምጡ፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ከዚያ ይቀጥል።