ብርቅ የነበረው፣ ብርቅ የሆነው

በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ያደገን ሰው «በልጅነትህ ቅንጦት ይመስልህ የነበረው ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ቪላና መርሴዲስ አይጠራላችሁም። እነዚያ ከዓይኑ በጣም የራቁ ስለነበሩ ለምኞትም አይመቹም ነበር። የሚጠራላችሁ ጎረቤት ቤት ያየውን ነው፤ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ፣ የገላ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ባለ መዝጊያ ቴሌቪዥን፣ ዳንቴል የለበሰ ሶፋ፣ ሚሪንዳ። እኔም በዚያው ዘመን ስላደግሁ ዝርዝሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። የእኔ ትውልድ ግን ይህን ዝርዝር ባነሣ ቁጥር መድረሻው ያው አንድ ተግሣጽ ነው፤ «እኛ በጥቂቱ ደስ ብሎን አደግን፤ የዛሬ ልጆች ሁሉ ሞልቶላቸው አይጠግቡም»። ይህን ተግሣጽ አልቀበለውም። እነዚያ ነገሮች ብርቅ የሆኑት እኛ ጨዋዎች ስለነበርን ሳይሆን ወደ ቤታችን የሚገቡበት መንገድ ስለተዘጋ ነበር፤ ዛሬም በሌላ ምክንያት መንገዳቸው እየጠበበ ያሉ ሌሎች ነገሮች ስላሉ ጉዳዩን በትዝታ ብቻ ማለፍ አይገባም።

ለስላሳውን በምሳሌነት ልውሰድ። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መመረት የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመሆኑ በእኔ ልጅነት ለከተማው እንግዳ መጠጥ አልነበረም። ሆኖም በቤታችን ለስላሳ የሚጠጣው ዓመት በዓል ሲሆን፣ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ወይም ሰው ሲታመም ብቻ ነበር። ለመግዛትም ገንዘቡ ብቻውን አይበቃም፤ ባዶ ጠርሙስ ይዞ መሄድ ወይም የጠርሙስ መያዣ ማስያዝ ግድ ስለነበር ባዶው ጠርሙስ ራሱ ከአልጋ ሥር የሚጠበቅ ንብረት ነበር። ጠርሙሱ ሲከፈት ታላቅየው በሦስት ብርጭቆ እኩል አድርጎ ይቀዳል፣ ታናሽየው ቀድሞ ያነሣል፤ ሕጉ ይህ ነው። ቀጂው ብርጭቆዎቹን ደርድሮ፣ ጎንበስ ብሎ ልካቸውን እያየ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ጠብ ጠብ እያደረገ ሲያስተካክል ጋዙ ወጥቶ ያልቅ ነበር። ሙሉ ጠርሙስ ለብቻው የደረሰው ዕድለኛ ደግሞ ቆርኪውን አይነቅልም፤ በምስማር ይበሳውና በቀዳዳው እየመጠጠ እስኪመሽ ያቆየዋል፤ የሰፈሩም ልጅ ሁሉ ቆሞ ያየዋል።

በሁሉም ቤት የሚሠራ ሌላ ሕግ ነበር፤ «የእንግዳ ነው» የሚል። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች የእንግዳ ናቸው፤ አበባ ያለበት ሰሃን የእንግዳ ነው፤ መልካሙ አንሶላ፣ መልካሙ ፎጣ፣ ያልተፈታው የገላ ሳሙና ሁሉ የእንግዳ ነው። እኛ የምንታጠበው በልብስ ሳሙና ነበር። ልጅ ሆኜ እናቶቻችን ለእኛ የሚነፍጉትን ለባዕድ የሚያቀርቡ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ስሌታቸው ትክክል ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ብርጭቆ ቢሰበር አምሳያውን ከየትም አታገኙለትም፤ ስድስት የነበረው አምስት ሆኖ ይቀራል፣ አምስት ብርጭቆ ደግሞ ለእንግዳ አይቀርብም። ስለዚህ የሚተካ ነገር በሌለበት ገበያ ዕቃን መቆለፍ ንፉግነት አልነበረም። (ይህ ልማድ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ማየት የሚፈልግ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ እናቶች ቤት ይሂድ፤ የሚተካ ዕቃ በየመደብሩ በሞላበት አገር ቡፌው አሁንም አይከፈትም።)

መንገዱን የዘጋው ምን ነበር? ድህነት የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ቀበሌ የከተማው ሰው የዕለት ሕይወት የሚያልፍበት በር የሆነው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሱበት ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ነው። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ከኅብረት ሱቅ በካርድ ይከፋፈላሉ፤ ሰልፉ ከጎህ በፊት ይጀምራል፤ ሰው ደክሞት ወደ ቤቱ ሲመለስ በቦታው ድንጋይ ወይም ዘንቢል አስቀምጦ ተራውን ያስጠብቃል። ብር በእጁ ያለው ሰው እንኳን ከተመደበለት በላይ ስኳር አያገኝም ነበርና ነገሩን በድህነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ቡና በበቀለበት አገር ከክፍለ ሀገር ሲመለስ ጥቂት ኪሎ ቡና የያዘ መንገደኛ ኬላ ላይ እንዳይያዝበት ልቡ ይመታ ነበር፤ ቡናው ለውጭ ምንዛሪ ይፈለግ ስለነበር። የውጭ ምንዛሪው ራሱ በመንግሥት እጅ ነበር፤ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተመን እስከ 1985 ዓ.ም. ዘለቀ፤ በዚያ ተመን ግን የፈለገ ሁሉ ገዝቶ ዕቃ አያስመጣም። ከረሜላው፣ ጂንሱና ትንሿ ሬዲዮ ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል በኮንትሮባንድ ይገቡ ነበርና «የድሬዳዋ ዕቃ» ሲባል ልብስ ብቻ ሳይሆን ማዕረግም ይመስለን ነበር።

እንግዲህ ለክርክሬ ትልቁ ማስረጃ የቤት ስልክ ነው። በእኛ ሰፈር ስልክ ያለው አንድ ቤት ነበር፤ የመላው ሰፈር ሰው ለዘመድ አዝማዱ የሚሰጠው ቁጥር የዚያን ቤት ቁጥር ነው። ስልኩ ጥቁር፣ ከባድ፣ ቁጥሩ በጣት እየተሽከረከረ የሚደወልበት ዓይነት ሲሆን በአንደኛው ቀዳዳ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ መቀበል እንጂ መደወል አይቻልም። ሲደወል የቤቱ ልጅ እየሮጠ «እትዬ፣ ስልክ ተደውሎልዎታል!» ብሎ ይጠራል፤ የተጠራችው ሴት ነጠላዋን እያጣፋች፣ ምን ሰምቼ ልመለስ ይሆን እያለች ትሄዳለች። ባለ ስልኮቹ እንደ ሹመኛ ይከበሩ ነበር፤ እነርሱም ቢሆኑ መስመሩን ያገኙት ለዓመታት ወረፋ ጠብቀው ነው። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ሲገባም በመጀመሪያ የጥቂቶች ነበር። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሳፋሪኮም ተጨምሯል። አንድ ሰፈር ይጋራው የነበረው ስልክ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እረኛው ኪስ ገባ። ይህ የሆነው ኔትወርክ ስለተዘረጋ፣ የሲም ካርድ ዋጋ ስለወረደና ቀፎው ስለረከሰ ነው። የሰው ጠባይ በዚያ መሐል ምንም አልተለወጠም፤ ያኔም ስልክ የምንፈልግ ሰዎች ነበርን፣ አሁንም ነን።

የቴሌቪዥኑ ታሪክም ከዚህ ስለማይርቅ በአጭሩ ልለፈው። ሥርጭቱ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ባለ ቀለም የሆነው በ1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው። አባባ ተስፋዬን ለማየት የሰፈር ልጅ ሁሉ ባለ ቴሌቪዥን ቤት ሳሎን ወለል ላይ ተደርድሮ ይቀመጥ ነበር፤ እግሩን ያልታጠበ ወይም በሳምንቱ ከቤቱ ልጅ ጋር የተጣላ ግን በመስኮት ያያል። «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች!» ሲባል እኛም መስኮት ላይ የተንጠለጠልነው ጭምር እንደምንጠራ እናምን ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ መደብሮቹ ሲሞሉ የቅንጦት ሐሳብ ግን ከመንግሥት መዝገብ አልወጣም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ታክሱን የጣለው በቅንጦት ዕቃዎች ላይና ዋጋቸው ቢጨምርም ሰው መግዛቱን በማይተዋቸው መሠረታዊ ዕቃዎች ላይ ነው። በሠንጠረዡ ለስላሳ 40 በመቶ፣ ስኳር 33 በመቶ፣ ጨው 30 በመቶ፣ ምንጣፍ 30 በመቶ፣ የግድግዳና የእጅ ሰዓት 20 በመቶ፣ ቴሌቪዥን 10 በመቶ ተጥሎባቸው ይገኛሉ። አሻንጉሊትና የልጆች መጫወቻም በዚያው ሠንጠረዥ 20 በመቶ ተቆርጦባቸዋል። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ ቢሆንም እስከዚያ ድረስ ልጁ ቅንጦት የመሰለው ነገር በሕግም ከሽቶና ከምንጣፍ ጎን ተጽፎ ነበር። በጨርቅ ኳስና በቆርኪ መኪና ተጫውተን ማደጋችንን በኩራት የምንተርክ ሰዎች ይህን ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ብናነብበው መልካም ነበር። የጨርቅ ኳስ እጅን እንደሚያፍታታ አልክድም፤ ሆኖም የመረጥነው ነገር አልነበረም፤ ኳስ ቢሰጠን ኖሮ የካልሲውን ኳስ ዘወር ብሎ የሚያየው ልጅ አይገኝም ነበር።

አሁን ወደ ሌላኛው ፊት ልዙር። በዚያ ሁሉ እጦት ዘመን እንደ ቁም ነገር የማንቆጥራቸው ነገሮች ነበሩ። ዋናው ቅቤ ነው። የሰላሌ ወይም የጎጃም ዘመድ ያለው ቤት ቅቤ በቅል ይላክለት ነበር፤ እናቶቻችንም ቅዳሜ ማታ ከወጡ የተረፈውን ለጋ ቅቤ አናታችን ላይ ይለጥፉልን ነበር። በማግሥቱ ፀሐይ ሲመታን በአንገታችን እየቀለጠ ይወርዳል፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ስንሄድ «ቅቤ ቅቤ ትሸታለህ» እንዳንባል በውሃ እናሽ ነበር። በእኛ ዓይን ቅቤ የገጠሬነት ምልክት፣ ከሱቅ የመጣው የቆርቆሮ ማርማላታ ግን የሥልጣኔ ምልክት ነበር። ዛሬ ለጋ ቅቤ በኪሎ ከሺህ ብር ያልፋል፤ ለበዓል ዶሮም እንዲሁ። ያን ቅቤ አናት ላይ እንለጥፈው ነበር ብላችሁ ለዛሬ ልጅ ብትነግሩት የንጉሥ ልጅ ነበራችሁ ወይ ይላችኋል። ወተት፣ እንቁላል፣ ማርና ሥጋም በዚያው መንገድ ከዕለት ማዕድ ወደ በዓል ማዕድ፣ ከበዓል ማዕድም ወደ ሕመምተኛ ማዕድ እየሄዱ ነው።

የመጫወቻ ሜዳውም ቅቤውን ተከትሏል። የጨርቅ ኳሳችንን የምንለጋበት ሜዳ የማንም ስላልነበረ የሁላችንም ነበር፤ በብዙ ሰፈር ቤት ተሠርቶበታል፤ ኳስ መጫወት የሚፈልግ ወጣትም ገንዘብ አዋጥቶ ሰው ሠራሽ ሣር በሰዓት ይከራያል። በቅርብ ዓመታት በየመንገዱ ዳር የተሠሩት መጫወቻዎች ጥሩ ጅምር ናቸው፤ ለልጁ ግን ከቤቱ ደጃፍ ያለውን ሜዳ አይተኩለትም።

ስለዚህ የዛሬውን ልጅ «ሁሉ ሞልቶልሃል» ስንለው የምናየው በእጁ ያለውን ስልክ ብቻ ነው። ስልኩ በእኛ ዘመን ቅንጦት ስለነበር የእሱ ዘመን ሀብት ይመስለናል፤ እኛ ሳንጠይቅ ያገኘነው ወተት ደግሞ ያኔ ቁም ነገር ስላልነበረ አሁን መጥፋቱ አይታየንም። የኮንዶሚኒየም ልጅ በእናቱ ስልክ ካርቱን እያየ ቁርሱን በሻይና በዳቦ ሲጨርስ ከእኔ ልጅነት የተሻለ ኑሮ እየኖረ ነው ብዬ ለመመስከር ይከብደኛል፤ የከፋ ነውም አልልም፤ የጎደለው ከእኛ የተለየ ነው።

ብርቅ የነበረ ነገር ተራ ሊሆን እንደሚችል ከስልኩ ሌላም ማስረጃ አለ። ለእኛ ትምህርት ቤቱ ራሱ ምግብ ማብላቱ የሚታሰብ ነገር አልነበረም፤ ምሳ ዕቃ የሌለው ልጅ በምሳ ሰዓት ግቢው ጥግ ብቻውን ይዞራል። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ያበላሉ፤ ለዛሬ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይህ ከጥቁር ሰሌዳው የማይለይ ተራ ነገር ነው፤ እንደዚያም መሆን ይገባዋል። ለወተትና ለእንቁላልም ተመሳሳይ ሥራ ያስፈልጋል። ፋጉሎና ፉርሽካ የሚወደድበት፣ የከተማ ዳር ወተት አምራች መሬቱን ለግንባታ የሚለቅበት፣ ከገጠር የሚመጣ ምርት በየኬላው የሚቀረጥበትና መንገዱ አስተማማኝ ያልሆነበት ምክንያት አንድ በአንድ መታየት አለበት፤ ለቴሌኮም ግንቦች የተሰጠው ገንዘብና ትኩረት ለላም መኖ የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።