«ላላ በሉ» የኛም ነው
«ላላ በሉ» የተባለው አልበም ለፈረንጅ ጆሮ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህች አባባል አልተዋጠችልኝም። ከቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ እነዳለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የምከፍተው ይህንኑ የጋሽ ኃይሉ መርጊያን የ2018 እ.ኤ.አ. አልበም ነው። ትዝታው በአኮርዲዮን ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ምቱ ሲፈጥን ተሳፋሪው በጣቱ ወንበሩን መምታት ይጀምራል። አንዲት እናት «ድምፁን ጨመር አድርገው ልጄ» ብለውኛል። ሰውየው እኮ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበሩ። አሜሪካ ታክሲ እየነዱ፣ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ ጭነው ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። ሹፌር ስለሆንኩ ይሄ ነገር ሆዴን ይበላኛል። «ግጥም የሌለው ሙዚቃ ይሰለቻል» የምትለው ወንድሜ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን «የፍቅር እንጉርጉሮ» ማታ ከሥራ ስትገባ ስማው። ፒያኖና እሳቸው ብቻ ናቸው።