2800 ዲግሪን ማስፈራሪያ ማድረግ ይቁም

የቡና ገለፈትን ጥቅም ላይ ለማዋል ሰሞኑን ጅማ ላይ በተደረገ ውይይት፣ አንድ ኃላፊ «ካርቦን ፎም 2800 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃና የከፍተኛ ግፊት ጋን ይፈልጋል፤ ለእኛ ብሪኬት ይበቃናል» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ካርቦን ፎም እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ካርቦን ነው፤ ብሪኬት ደግሞ ተጨምቆ የተሠራ ማገዶ። ቁጥር የጠራ ሁሉ ዐዋቂ በሚመስልበት መድረክ ጭብጨባ መከተሉ አያስደንቅም። የሚያናድደው ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ መደምደሚያው ፍጹም ስሕተት መሆኑ ነው።

2800 ዲግሪ የአንድ ዘዴ፣ ያውም የዘዴው የመጨረሻ ደረጃ ሙቀት ነው። የአሜሪካው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ጄምስ ክሌት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ባስተዋወቁት መንገድ፣ ሜሶፌዝ ፒች የተባለው ሬንጅ መሰል ነገር በናይትሮጅን ግፊት ሥር ቀልጦ ከውስጡ በሚወጣው ጋዝ ይነፋል፣ 1000 ዲግሪ ገደማ ላይ ይከስላል፣ 2800 ዲግሪ የሚመጣውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዓላማው ካርቦኑን ወደ ግራፋይት ለውጦ ሙቀትን በፍጥነት የሚያስተላልፍ ፎም ማግኘት ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ማቀዝቀዣ ይህ ያስፈልጋል። ውኃ ለማጣራት፣ ወይም አየር በማይገባው ምድጃ ውስጥ ሙቀት እንዳያመልጥ ለመከላከል ፎም የሚፈልግ ሰው ግን ያን ሁሉ ኃይል የሚያቃጥለው ለምንድን ነው? ሙቀት መከላከያ የሚሻን ሰው ሙቀት አስተላላፊ ካልሠራህ አትሥራ ማለት ክርክር ሳይሆን ማደናገር ነው።

ለነገሩ ካርቦን ፎም በፒች አልተጀመረም። ዋልተር ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጀመሪያዎቹን የሠሩት የፕላስቲክ ፎም አየር በሌለበት በማክሰል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች ከዳቦ ሠርተዋል፤ አዎ፣ ከዳቦ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የታኒን መንገድ ነው። ከግራር ዘመዶች ቅርፊት የሚወጣው፣ የቆዳ ፋብሪካዎች ሚሞዛ የሚሉት የታኒን ዱቄት ከፉርፉሪል አልኮል፣ ከውኃና በቀላሉ ከሚተን ፈሳሽ ጋር ይደባለቃል። አሲድ ሲጨመርበት ውሕዱ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ድብልቁም በደቂቃዎች ውስጥ ኩፍ ብሎ ይጠነክራል፤ የግፊት ጋን የሚባል ነገር የለበትም። ቀጥሎ በናይትሮጅን ውስጥ 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ይከስላል። ፉርፉሪል አልኮል ከፉርፉራል ይገኛል፤ ፉርፉራል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከአጃ ገለፈት በአሲድና በእንፋሎት መመረት የጀመረ፣ ዛሬም ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሚመረት ነገር ነው። የቡና ገለፈትም ፉርፉራል የሚወጣበት የፔንቶዛን ስኳር አለው። በአዊ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ የተባለው ዛፍም የሚሞዛው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ከአጋሮና ከሊሙ የሚወጣውን ገለፈት የሚያውቅ ሰው፣ ጥሬ ዕቃው በእጃችን እያለ ስለሌለን ምድጃ ለምን እንደሚወራ መጠየቅ አለበት።

ብሪኬት ፈጥኖ ይሸጣል፤ ይህን አልክድም። የታኒን ፎም ተሰባሪ መሆኑንም እንዲሁ። ነገር ግን ብሪኬት አንድ ጊዜ ነዶ አመድ የሚሆን ነገር ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። በሚቀጥለው ውይይት ኃላፊው ስለ ፎም መናገር ከፈለጉ፣ የናይትሮጅን ሲሊንደር ስንት እንደሚያወጣና የፉርፉራሉ አሲድ ዝቃጭ ወደ ጅማው አዌቱ ወንዝ እንዳይገባ የት እንደሚጣራ አስልተው ይምጡ። ከባድ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ በመጀመሪያው ውይይት አንዳቸውንም አላነሡም።